ዶክተር ያልናቸው ሰው

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት ጀርባ፣ አራት ኮምፒዩተር ያለው ኢንተርኔት ቤት ነበር። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ፤ ከክፍል ስወጣ እግሬ ወደዚያ ይወስደኛል። አንድ ገጽ እስኪከፈት ሦስት አራት የተማሪ ደብተር አርማለሁ። የምከፍተው ሁልጊዜ አንድ የአማርኛ የውይይት መድረክ ነበር። የኛ ፊደል ኮምፒዩተሩ ላይ ስላልነበረ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እንጽፈዋለን፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው እያጣመመ ሲያነበው ስንት ጊዜ ተጣልተናል።

ከመድረኩ ሰዎች አብዛኞቹን ረስቻለሁ። የማልረሳቸው አሉ። አንደኛው መርጡለ ማርያም ቅኔ የተማረ ሰው ነበር፤ ስንጨቃጨቅ ዝም ብሎ ይቆይና በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁላችንንም ያስቆመናል። ሁለተኛዋ ውጭ አገር የምትሠራ ነርስ ናት፤ ቁጡ ነበረች፣ ግን የምትለው ትክክል ነው። ሦስተኛው ዶክተር የምንላቸው ሰው ናቸው። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ሰው ስለ ሕመሙ ሲጠይቅ ረጋ ብለው ይመልሳሉ፤ "ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልን" ይባላሉ፤ እሳቸውም ዝም ይላሉ። እኔ ከአስተናባሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። የሚሳደብ ሲመጣ ጽሑፉን እሰርዛለሁ፣ አልመለስ ካለም ከአባልነት አስወጣዋለሁ።

ሰኔ ነበር። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ስምንተኛ ወሯ ገብቷል፤ እንደ ደንቡ ለመውለድ ደብረ ኤልያስ እናቷ ቤት ሄዳለች። እኔ ፈተና ይዞኝ ቀረሁ። አንድ ጠዋት በጎረቤት ስልክ ደወለችልኝ።

"ራሴን እያመመኝ ነው" አለች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሦስት ቀኔ ነው። ፊቴም አብጧል። ደግሞ ዓይኔ ላይ እንደ ዝንብ ያለ ነገር ይዞርብኛል።"

"እናትሽ ምን አሉ?"

"የመጀመሪያ ስለሆነ ነው፣ ስትወልጂ ይለቅሻል አሉኝ።"

እሳቸው ስምንት ልጅ ወልደዋል፤ እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ልቤ ግን አልተቀመጠም። ኢንተርኔት ቤት ገባሁና የነገረችኝን እንዳለ ጻፍኩት። ከዚያ ገጹን መላልሼ መክፈት ጀመርኩ። ባዶ። እንደገና ባዶ። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። በመጨረሻ የዶክተር መልስ ወጣ።

"ተቀምጠህ አታንብብ፣ ተነሥ። ፊቷ አብጦ፣ ራሷን አሟት፣ ዓይኗ ከተምታታ ነገ የሚባል የለም። ዛሬውኑ ሆስፒታል አድርሳት። ሰዎች ይለቃታል ቢሉህ አትስማ።"

ከሥር ሌላም ነበረበት፤ አንብቤ ሳልጨርስ መብራት ጠፋ።

የጠዋቱ አውቶቡስ ሄዷል። ማዳበሪያ የጫነ አይሱዙ አገኘሁና ሹፌሩን ለምኜ ጋቢና ገባሁ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ጭቃው ያዘን። ሹፌሩ እየቀለደ ነበር፤ አንዱንም ቀልዱን አልሰማሁትም። የማስበው ያልተነበበውን የመልሱን ክፍል ነበር። ምን ይል ይሆን? ለምን ያን ያህል ቸኮሉ?

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደረስኩ። ባለቤቴ በፎጣ ዓይኗን ሸፍና ተጋድማለች። እናቷ ደነገጡ።

"ምን ሆነህ ነው እንዲህ የገረጣኸው?"

"እማማ፣ ደብረ ማርቆስ ልወስዳት ነው።"

"በዚህ ዝናብ? መንገድ ላይ ብትወልድስ?"

"እዚህ ስትጠብቅ አንድ ነገር ብትሆንስ?"

"ማን ነው ውሰዳት ያለህ?"

ፊቱን አይቼው የማላውቅ ሰው ነው እንዴት ልበል? "ዶክተር ነው ያዘዘኝ" አልኩ። ዶክተር ሲባል እናቷ ነጠላዋን አለበሷት።

ያው አይሱዙ ማዳበሪያውን አራግፎ ሲመለስ ይዞን መጣ። መኪናው በነጠረ ቁጥር እጄን ትጨብጣለች፤ አንዳንዴ መጨበጡን ስትተው ስሟን እጠራለሁ። ሆስፒታል እንደገባን የደም ግፊቷን የለካው ሐኪም ሌሎቹን ጠራ። ያንኑ ቀን ምሽት በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ተወለደች፤ ትንሽ፣ ግን የምታለቅስ። ሐኪሙ ሲወጣ "ደም ግፊቷ በጣም ከፍ ብሏል፤ ትንሽ ብትዘገዩ እየተንቀጠቀጠች ነበር የምታመጣት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግርህም" አለኝ።

በሳምንቱ መድረኩን ስከፍት፣ ያላነበብኩት የመልሱ ክፍል "ጠብቆ ያዘነ ሰው አውቃለሁ" ይል ነበር። ረጅም ምስጋና ጻፍኩ። "ዶክተር ሁለት ነፍስ አትርፈውልኛል" አልኩ። አስተናባሪ የጻፈው ስለሆነ ከላይ ተሰቀለ፤ የገባ ሁሉ ያነበዋል። ከዚያ በኋላ የጠያቂው ብዛት ጨመረ።

ከጠያቂዎቹ አንዱ ባሕር ዳር የሚሠራ ሰው ነበር። ቢቸና ያሉ አባቱን ደረታቸውን እንደሚያማቸው ጻፈ፤ ምስጋናዬን አንብቦ እንደመጣም ነገረን። ዶክተር "ጨጓራ ይመስላል፣ ቅመም ይቀንሱ፣ ይረፉ" ብለው መለሱ። ሰውዬው አመሰገነና ሄደ። ከዚያ ወዲያ አንድም ነገር አልጻፈም።

ነርሷ መልሱን ስታይ ተቆጣች። "የደረት ሕመም ሳይመረመር ጨጓራ የሚል ሐኪም የት ነው የተማረው?" አለች።  ዶክተር በሦስተኛው ቀን እንዲህ ብለው ጻፉ፦ "የሰው ሐኪም አይደለሁም። የከብት ሐኪም ረዳት ነኝ። ዶክተር ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ።"

መድረኩ ታመሰ። ቅኔ የተማረው ሰው "ባልሆነው ስም ሲጠሩት አቤት ያለ፣ ስሙን ራሱ አወጣ" አለ። ይውጡ፣ አይውጡ ተባለ። ሁሉም እኔን ይጠብቃል። ልጄን ያተረፉልኝን ሰው ላስወጣ? የዚያ ሰው አባት ሞተው ቢሆንስ? ወደሳቸው የላከው የእኔ ምስጋና አይደለም ወይ? ሁለት ቀን አመነታሁ። በመጨረሻ አስወጣኋቸው። አንድም የመከላከያ ቃል አልጻፍኩላቸውም።

ቀደም ሲል ሉማሜ እንደሚሠሩ በግል ነግረውኝ ነበር። ወር ሳይሞላ በአውቶቡስ ሄድኩ። ሻይ ቤት ውስጥ አገኘኋቸው፤ ቦት ጫማቸው ጭቃ የለበሰ፣ ሽበታም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ወንበር ሳቡልኝ።

"ልጅቷ እንዴት ናት?" አሉ መጀመሪያ።

"ደኅና ናት። እርስዎ እንዴት አወቁ? ያንን ሕመም ማለቴ ነው።"

ሻዩን አማሰሉ። "ባለቤቴንም እንዲሁ ነበር ያደረጋት። ፊቷ አበጠ፣ ዓይኗ ተምታታ። ይለቃታል አሉን፤ እኔም አመንኩ። ከነልጇ ሄደች። አንተ ስትጽፍ የሷን ያነበብኩ መሰለኝ።"

 ከዚያ የመጣሁበትን ጠየቅኩ። "የቢቸናው ሰውስ?"

አንገታቸውን ደፉ። "ያንን አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ሰው ዶክተር ሲልህ አላውቅም ማለት እንዴት እንደሚከብድ ልነግርህ አልችልም። በማግስቱ ግን በግል ጻፍኩለት፤ 'ተሳስቼ ይሆናል፣ አባትህን ሆስፒታል ውሰዳቸው' ብዬ። አንብቦት ይሁን አይሁን እግዜር ነው የሚያውቅ።"

ስንለያይ "ስላስወጣኸኝ አልተቀየምኩም" አሉኝ። ቢቀየሙኝ ይሻለኝ ነበር።

አስተናባሪ አባላት መቼ መቼ እንደገቡ ማየት ይችላል። ደብረ ማርቆስ ተመልሼ ኢንተርኔት ቤቱ በር ላይ ስደርስ ፈርቼ ቤቴ ሄድኩ። በነጋታውም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ከፈትኩት። የባሕር ዳሩ ሰው ያ መልእክት ከተላከለት ከአራት ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ገብቷል። ስለዚህ ሳያነበው አልቀረም። አራት ቀን ለደረት ሕመም ረጅም ይሁን አጭር ግን አላውቅም። ጻፍኩለት፤ ደግሜም ጻፍኩለት። አልመለሰም።

ከዓመት በኋላ መድረኩ ተዘጋ። ባለቤቴ ዛሬም ስለዚያ ቀን ስታወራ "ዶክተሩ" ትላለች፤ አላረምኳትም። የቢቸና ሰው ባገኘሁ ቁጥር ግን ወሬውን አዙሬ፣ ልጃቸው ባሕር ዳር የሚሠራ፣ ደረታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ያውቁ እንደሆነ እጠይቃለሁ። "እንዲህ ያለ ሰው ስንቱን ልንገርህ!" ይሉኛል።