እማዬ የተኮሰችው የአሜሪካ ብር

ልጅ ሳለሁ በፈረንጅ አገር፣ ካሌዶኒያን ሮድ በሚባል ሰፈር፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ፣ ጋሽ ታዬ የሚባል የድሮ መርከበኛ ይኖር ነበር፤ ማታ ሲሆን አሮጌ የአሜሪካ ብሮቹን በፕላስቲክ ሸፍኖ ይዞ እኛ ቤት ይወርዳል። ያኔ ሳንቲም እየጎረሰ የሚያበራው የመብራት ቆጣሪ ሳንቲሙ ሲያልቅበት ድርግም ይልና የጋዝ ማሞቂያው ቅላት ብቻ ይቀራል፤ የሱን ተረት የሰማሁት በዚያ ብርሃን ነው። ብሮቹ ድሮ በየትንሹ ከተማ ያለ ባንክ በየስሙ ያወጣቸው ናቸው፤ የከተማው ስም አለባቸው፣ የባንኩ ሹም በእጁ ፈርሞባቸዋል። ጋሽ ታዬ ፊርማውን እያሳየኝ፣ «ይሄ ሰውዬ ወፍራም ነው፤ ፊርማው እንኳ ሲያለከልክ አይታይሽም?» ብሎ ይጀምርና ሚስቱን፣ በቅሎውን፣ ሌባውን ሁሉ ከዚያች ወረቀት ያወጣቸዋል። እኔ ትምህርቱን ቶሎ ነው የተውኩት፤ አሜሪካን ያወቅኋት በሱ ነው፣ ውሸትም ይሁን!

አንድ ጊዜ እናቱን ለማየት አገር ቤት ሊሄድ ቆረጠ። ለትኬቱ ከሁሉ ብርቅ የሆነውን ብር ሊሸጥ ነው፤ የሱ ጣሪያ ስለሚያፈስ እስኪሸጠው እማዬ ዘንድ አስቀመጠው። እማዬ ደግሞ የተጨማደደ ብር ነፍሷ አይወድም፤ ለእንቁጣጣሽ አበባ ይዘው ለሚመጡ ልጆች እንኳ አዲስ ካልሆነ አትሰጥም። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ በሳሙና አጥባ ተኩሳዋለች! ጠዋት በመሐረብ ጠቅልላ፣ «አሳምሬልሃለሁ፤ የሚገዛህ ፈረንጅ ፊት አታፍርም» ብላ ሰጠችው።

አብሬው ሄድኩ። አሮጌ ብር የሚሰበስበው ገዢ መሐረቡን ፈትቶ በማጉያ መስታወት አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ፊርማው በውኃ ጠፍቷል፣ የታጠበ ብር ዋጋ የለውም አለ። የከፈለው የትኬቱን ሩብ እንኳ አይሞላም። ባስ ውስጥ እኔ በእማዬ ስናደድ ጋሽ ታዬ፣ «ሚጡዬ፣ ይሄኛውን ተረት እኔ ልንገራት» አለኝ።

እማዬ ገና በሩን ስትከፍት ጋሽ ታዬ፣ «እትዬ ዘነቡ! ሰውዬው እንዲህ ያለ ንጹሕ ብር አይቼ አላውቅም አለ!»

«ታዲያስ! እኔ ምን አልኩህ?» እማዬ እስክስታ ልትወርድ ምንም አልቀራት። መቼ እንደሚሄድ ስትጠይቀው ከሥራ ፈቃድ ከለከሉኝ አላት። የሄደው ከዓመት በኋላ ነው፣ ማታ ማታ ቢሮ እያጸዳ ትኬቱን ገዝቶ።

ዛሬ እሱ የለም። እማዬ ስትሪትሃም በሚባለው አዲሱ ሰፈሯ ሆና እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ታወራለች። በቀደም ልጄ ስልኳን ቼክ አድርጋ «እማማ፣ አሮጌ ብር እኮ አይታጠብም» ልትል አፏን ስትከፍት በክርኔ ጎሸም አደረግኳት። የበቅሎውም የሌባውም ተረት ከአእምሮዬ ጠፍቷል፤ ይሄኛው ግን ይኸው እስከ ዛሬ የእማዬን ፊት ያበራዋል።

«እኔ ባልተኩሰው ማን ይገዛው ነበር?» ትላለች።

«ማንም!» እላታለሁ።