እርሾ የማያውቅ ጽዋ

ብርነሽን ያወቅኋት በእንጀራዋ ነው ብል የሚስቅ ይሳቅ። መካነ ኢየሱስ ዳርቻ፣ እኛ ሰፈር፣ ሰው የሚታወቀው እንዲህ ነው፤ አንዱ በበሬው፣ አንዱ በአፉ፣ እኔ በጠላ ወዳጅነቴ፣ እሷ በእንጀራዋ። አጥራችን አንድ ነው። እርሾ የተበላሸባት የሰፈር ሴት ጣሳ ይዛ የምትሮጠው ወደ ብርነሽ ጓዳ ነበር፤ ባለቤቴ ህይወትም ከሯጮቹ አንዷ ናት።

እርሾው ግን ከአማቷ ከእማማ ካሣነሽ የመጣ ነው። እማማ ካሣነሽ ከእናታቸው ወርሰውት፣ ልጃቸው ጥላዬ ብርነሽን ሲያገባ ከነቡሃቃው አስረክበዋታል። ቡሃቃ ስል ያን ሊጥ የሚቦካበትን ሆደ ሰፊ ሸክላ ማለቴ ነው። የእሳቸው ቡሃቃ ከዕድሜ ብዛት ጠቁሯል፤ አፉ ዙሪያ የደረቀ ሊጥ እንደ ዛፍ ቅርፊት ይዟል። በእማማ ካሣነሽ ሕግ ቡሃቃ አይታጠብም። ሊጡ ሲወጣ በእጅ ጠረግ ይደረግና ይከደናል፤ በግድግዳው የቀረው ለሚቀጥለው ሊጥ እርሾ ይሆናል። የታጠበ ቡሃቃ ረድኤቱ የተነሣ ነው ይላሉ። በዚህ ነገር ከእሳቸው ጋር የተከራከረ ሰው አላውቅም።

ጥላዬ ገብስና ስንዴ የሚያርስ ገበሬ ነው። ማዕድ ይወዳል ስል ሆዳም ነው ማለቴ አይደለም፤ የሚወደው ከሰው ጋር መብላቱን ነው። እራት ሲቀርብ እንግዳ ከሌለ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ይጠራኛል፤ እኔም በልቼ እንኳ ቢሆን አልበላሁም እላለሁ። «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» የሚለውን ሌላው ሰው ሲተርተው እሱ ኖሮበታል።

አምና አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ይህ ሰው ታመመ። በበላ ቁጥር ሆዱ ይነፋል፣ ቆዳው ይቀላል፣ እስኪደማ ያካል። ጠላ የቀመሰ ቀንማ አይጣል ነው። ፌጦ ተሞከረ፣ ጠበል ተጠመቀ፤ በመጨረሻ ብርነሽ በአውቶቡስ ደብረ ታቦር ይዛው ሄደች። እዚያ የመረመረው ሐኪም ሰውነቱ ከእርሾ ጋር አልተስማማም፣ እስኪሻለው ድረስ እርሾ የነካው ነገር ሁሉ ይቅርበት አለ። አዜብ የምትባል ነርስ ቁጭ አድርጋ አስረዳቻቸው፤ እንጀራ የለም፣ ዳቦ የለም፣ ጠላና ጠጅም የለም። የተቸገሩ ጊዜ እንዲደውሉላት ስልኳን ሰጠቻቸው። ጥላዬ ተመልሶ ይህን ሲያወራኝ፣ ባጭሩ አትብላ ብለው ቢልኩብኝ የአውቶቡሱ ድካም ይቀርልኝ ነበር አለኝ። ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

የመጀመሪያው ሰሞን ብርነሽ ማንም የሚያደርገውን አደረገች፤ ለቤቱ ሰው እንጀራ በመሶብ፣ ለእሱ ቂጣ በሳህን። ጥላዬ ከመሶቡ አጠገብ ተቀምጦ ቂጣውን ይቆረጥማል። ልጁ ሊድያ በልማዷ ልታጎርሰው እጇን ትዘረጋና መንገድ ላይ ታስታውሳለች፤ ጉርሻውን ለራሷ ትመልሰዋለች። ከጥቂት ቀን በኋላ እርቦኛል እያለ አስቀድሞ ጓዳ ገብቶ መብላት አመጣ። እኔንም በአጥር መጥራቱን ተወ። ሳህኑ ከነቂጣው ይመለስ ጀመር። ሰውየውን ከበሽታው ይልቅ ያ ሳህን አከሳው።

ብርነሽ ብዙ የምትናገር ሴት አይደለችም። አንድ ቀን የጋገረችውን እንጀራ በሙሉ ተሸክማ መጥታ ለህይወት ሰጠቻት። ከዛሬ ጀምሮ እቤታችን የሚበላው አንድ ነው፣ ወይ ሁላችንም ቂጣ ወይ ሁላችንም ጾም አለች። ህይወት የቀለደች መስሏት ሳቀች። እኔ ግን ፊቷን ስላየሁ አልሳቅሁም።

ቂጣን የሚንቅ ሰው ቤተሰብ በቂጣ አስተዳድሮ አያውቅም። የመጀመሪያዎቹ የብርነሽ ቂጣዎች፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ለጫማ ሶል ይሆኑ ነበር። የጤፉ ይፈረፈራል፤ የገብሱ ጉሮሮ ይይዛል፤ የስንዴው ትኩስ ሳለ ደኅና ነው፣ ከቀዘቀዘ ግን ከጥርስ ጋር ይጣላል። ከሁሉ የባሰው ወጡ ነው። እንጀራ ዓይን አለው፣ ወጥ ይጠጣል። ቂጣ ላይ ያፈሰሱት ሽሮ ግን ወርዶ ወርዶ ጭን ላይ ነው የሚያርፈው፤ ሱሪዬ ምስክር ነው።

ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ በቃኝ ትል ነበር። ብርነሽ ሽሮውን አወፈረችው። ስንዴና ገብሱን ደባልቃ አስፈጨች፤ ሊጡን በፈላ ውሃ ብትለውሰው ቂጣው ለሰለሰላት። ትኩሱን ቆራርሳ የቀይ ወጥ መረቅ እያጠጣች ጥላዬ የሚወደውን ፍትፍት መለሰችለት። ለጾም የሱፍ ፍትፍቱን በቂጣ ሠራችው፤ እሱማ፣ ህይወት አትስማኝና፣ ከእንጀራው በለጠ። ገንፎን ለአራስ ብቻ ማን ፈረደው ብላ በአዘቦት ቀን መካከሉን ቅቤና በርበሬ ሞልታ አቀረበች። ድፎ ይቆረስበት በነበረው ሰንበት ደግሞ ስስ ስስ ቂጣ በቅቤና በበርበሬ እየቀባች አንዱን ባንዱ ላይ ደራርባ አነባበሮ አደረገችው። በጠላው ፈንታ ብርዝ ገባ፤ ማሩ በውሃ ይበጠበጥና ውሎ ሳያድር ይጠጣል።

ሊድያ መጀመሪያ ሰሞን አኩርፋ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በእኛ በኩል ታልፋለች፤ ህይወት እንጀራ በወጥ ጠቅልላ ታጎርሳታለች። ብርነሽን ግን ስንት ጊዜ ለምና አልሆነላትም። ከራሷ እርሾ የተጋገረ እንጀራ ትኩሱን ቢቀርብላት፣ እሱ እስኪበላ ድረስ አልበላም አለች። ሽታው ሲደርሳት ምራቋን ውጣ ፊቷን ስታዞር በዓይኔ አይቻለሁ። ይህችን ሴት ከልቤ ያከበርኳት ያን ጊዜ ነው።

ጥላዬ ወደ ማዕዱ ተመለሰ። ቆዳው ጠራ፣ አጥሩ ላይም አንገቱ ብቅ አለች። ክረምቱ በሰላም ወጣ። ጥቅምት ላይ ግን ሕመሙ እንደገና ተነሣበት፤ አሁንም ያው ሆድ፣ ያው ማከክ። ነርስ አዜብ ጋ ተደወለ። ምን በላ ብትል ብርነሽ ከቂጣ በቀር የቀመሰው የለም ብላ ማለች። ሰፈሩም ማንሾካሾክ ያዘ፤ ነገሩ እርሾ ሳይሆን የሰው ዓይን ነው ያለም ነበር።

አንድ እሑድ ብርነሽ የቂጣውን ሊጥ ለውሳ ከድና ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ከቅዳሴ ስትመለስ ሊጡ ተነሥቶ፣ ዓይን አውጥቶ፣ ክዳኑን ሊገፋ ደርሶ አገኘችው። ማንም እርሾ አልጣለበትም። ለካ ይህን ሁሉ ወር የቂጣውን ሊጥ የምትለውሰው በዚያው በእማማ ካሣነሽ ቡሃቃ ነው! እዚያ ቤት ሊጥ ሌላ የት ይለወሳል? ብርዱ ሲያልፍና ፀሐዩ ሲበረታ ቡሃቃው ሥራውን ቀጥሏል። ቶሎ የተጋገረው ብዙ አልነካውም፤ የቆየው ግን እየቦካ ኖሯል።

አማቷን ራሷ አስጠርታ ነገረቻቸው። እኔም በሽምግልና መልክ ተቀምጬ ነበር። እማማ ካሣነሽ ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልታጥቢው ነው?»

«ቢታጠብ ይለቅ እንደሆን ብዬ፣ እማምዬ።»

«አይለቅም። ሸክላ የጠጣውን አይለቅ፤ ብትፍቂውም ብትቀቅዪውም አይለቅ።»

«እንዲያማ ከሆነ ከቤት ይውጣ።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። የእናቴ እርሾ ከወጣበት ቤት እኔ ምን እሠራለሁ አሉና ከበሩ ወጥተው ወደ ቤታቸው ወረዱ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሸክላንና እማማ ካሣነሽንም ይጨምሩበት ብዬ ልቀልድ አሰብኩና ብርነሽን ሳያት ተውኩት። ቡሃቃውን በጀርባዋ አዝላ እኛ ጓዳ አስቀመጠችው። ህይወትን፣ እንዳይደርቅ አደራ፣ ሊጥ አታቋርጪበት አለቻት። እማማ ካሣነሽ ከዚያ ወዲያ ደጇን አልረገጡም።

ይህ ሁሉ የሆነው የማኅበሩ ጽዋ እነጥላዬ ቤት ተቀምጦ ሳለ ነው። የሚካኤል ማኅበራችንን ያቋቋሙት የጥላዬ አባት ናቸው። በየወሩ በአሥራ ሁለት በየተራ እንደግሳለን፤ ሁላችንም ከአንዱ የሸክላ ጽዋ እየተቀዳልን እንጠጣለን፣ ባለተራው ጽዋውን ወደ ቤቱ ይወስዳል። ሕዳር የጥላዬ ተራ ነበር። ጥላዬ ከታመመ ወዲህ ጽዋው ሲደርሰው በእጁ ዳስሶ፣ ተሳልሞ ያሳልፈዋል። እኔን በአጥሩ ጠርቶ፣ ይህችን ተራዬን አውጥቼ ማኅበሩን ልተው ነው አለኝ። ጽዋ የማይጠጣ ማኅበርተኛ እንግዳ ነው፣ በአባቴ ማኅበር እንግዳ ሆኜ አልቀመጥም አለ።

ብርነሽ ይህን ስትሰማ ቄስ ገብረ ማርያም ዘንድ ሄደች። ጋይንት ቤተ ልሔም የተማሩ፣ የማኅበራችን አባት ናቸው። ድግሱን ያለ እርሾ፣ ጽዋውንም በብርዝ ባደርገው ነውር ይሆናል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም በሕዳር ሚካኤል የምናስበው እስራኤልን ከግብጽ መርቶ ማውጣቱን አይደለም ወይ አሏት። እነሱም ሲወጡ የበሉት ናእት ነው፤ ሊጣቸው እስኪቦካ የጠበቀ የለም ብለው መርቀው መለሷት።

ቀኑ ደረሰ። ጠላ የሌለበት ድግስ ነው ሲባል እኔ ፊቴን ጥዬ ነው የሄድኩት፤ አልዋሽም። አነባበሮው፣ ፍትፍቱ፣ ንፍሮው ሲቀርብ ግን ፊቴን ለማንሣት ጊዜ አላገኘሁም። እማማ ካሣነሽም የማኅበሩ ሰው ናቸውና መጡ። በነጠላቸው የተሸፈነ ነገር አቅፈው በሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ብርነሽን ሰላም አላሏትም።

ብርነሽ ጽዋውን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ፣ በፈላ ውሃ አጥባ፣ በማለዳ ብርዙን ሞልታ ሸፍናው ነበር፤ በማኅበራችን ወግ ጽዋው ሰው ሳይገባ ተሞልቶ ይቀመጣል። ጸሎቱ ካበቃ በኋላ ልትቀዳ ሽፋኑን አነሣችው። እንደ ቆመች ቀረች። ቅርብ ስለነበርኩ አየሁት፤ ብርዙ አፉ ዙሪያ ቀጭን አረፋ አውጥቷል። የጠላ ሽታ አፍንጫዬ ደረሰ፤ ይህን ሽታ እኔ አልስትም። ስንት ዓመት ጠላ የጠጣ ሸክላ ብርዙንም አስነሥቶታል። ጥላዬ የሚስቱን ፊት አይቶ ገባው።

«ለእናንተ ይቀዳ» አለ። «እኔ ልለፈው።»

ያን ጊዜ እማማ ካሣነሽ ተነሥተው ያቀፉትን ገለጡት። አዲስ ቀይ የሸክላ ጽዋ ነው።

«ሸክላ የጠጣውን አይለቅም ብያት ነበር» አሉ። «ቡሃቃው ያልለቀቀ ጽዋው እንዴት ይለቃል? ይኼኛው እርሾ አያውቅም። ራሴ ነኝ ከገበያ አምጥቼ ያሟሸሁት።»

ቄስ ገብረ ማርያም ባረኩት። ብርነሽ ሌላ ማር በጥብጣ ሞላችው፤ መጀመሪያ የተቀዳው ለጥላዬ ነው። ተቀብሎ እስከ ጭላጩ ጠጣው፤ ባዶውን ዋንጫ ደረቱ ላይ አስጠግቶ ለረጅም ጊዜ ቀና አላለም። እኔ ብርዝ ጠጥቼ አለቀስኩ፤ በጠላ እንኳ አልቅሼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ የማኅበራችን ጽዋ ብርዝ ብቻ ይይዛል። ጠላው በሌላ ማሰሮ ይቀርባል፤ እኔን አልረሱኝም፣ እግዜር ይስጣቸው።

ሰው መበተን ሲጀምር ብርነሽ ከአማቷ ጉልበት ላይ ወደቀች። ለጥላዬ ፈጽሞ የተሻለው ቀን ቡሃቃውን ከህይወት ጓዳ እንደምትመልሰው ቃል ገባች።

«እዚያው ይቆይ» አሉ እማማ ካሣነሽ። «ልጄ ከማዕድ ከሚርቅ እርሾዬ ይራቅ።»

ከዚያም ከአነባበሮው ቆረሱ፣ አገላብጠው ጠቀለሉት። ህይወት የብርነሽን ነገር ነግራቸው እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

«እሱ እስኪበላ አልበላም ብለሻል አሉ። ይኸው በልቷል። በይ አንቺም ብዪ።»

ብርነሽ አፏን ከፍታ ጎረሰች። ማኘኩ ከለቅሶው ጋር አልሆን ብሏት፣ እስክትውጥ ድረስ አሮጊቷ አገጯን ደግፈው ያዙላት።