የባይሳ ቤዝ ጊታርና አራቱ ድምፆች

ባይሳ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። አሰላ ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በጣውላ ግድግዳ ብቻ የምትለይ ጠባብ ሱቅ፣ ከጀርባዋም መኖሪያ ክፍል ነበረችው። ዝም ያለ ሬዲዮ የማናገር እጅ አለው ይባልለታል፤ እሱ ራሱ ግን ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ ይተሳሰራል።

ቤዝ ጊታሩን ያገኘው ከአንድ ስዊድናዊ መካኒክ ነው። ሰውዬው በ1967 ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ቴፑን ስንት ጊዜ እንደጠገነለት አስታውሶ፣ "ከዕቃዬ የምትፈልገውን ውሰድ" አለው። ባይሳ ወደ ጊታሩ ጠቆመ። ጊታሩ ያኔም አሮጌ ነበር። ቀይ ቀለሙ ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ተልጦ እንጨቱ ይታያል። አዲስ ክር ከየትም ስለማይገኝ፣ የክሮቹ ድምፅ ሲደነዝዝ ባይሳ ፈትቶ በድስት ይቀቅላቸዋል። ሚስቱ ቀለሟ፣ "የሰው ባል ሥጋ ይዞ ይገባል፣ የኔው በድስቴ ሽቦ ይቀቅላል" ትላለች። የተቀቀለው ክር ግን እንደገና ደረት የሚነካ ድምፅ ያወጣ ነበር።

የሚጫወተው በጸሎት ቤት ነው። ጸሎት መሪው ጋሽ ወልደአማኑኤል ጉሮሯቸውን የታመሙ ሰው ስለነበሩ፣ "እንጸልይ" ብለው ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ አይችሉም። ስለዚህ መዝሙር ሲያልቅ ባይሳን በዓይናቸው ይጠቅሱታል። እሱም ከላይ ወደ ታች አራት ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ ብቻውን ይወርዳል። በአራተኛው ላይ ጉባኤው ሁሉ አንገቱን ይደፋል። እየቆየ ጥቅሻውም ቀረ። መዝሙር ሲያልቅ የባይሳ ጣት ሳይታዘዝ ይወርዳል፣ የሰዉም አንገት ሳይታዘዝ ይደፋል።

በ1974 ጸሎት ቤቱ በመንግሥት ትእዛዝ ታሸገ። ጋሽ ወልደአማኑኤል ታሰሩ፤ ኦርጋኑና ወንበሩ ተወሰደ። ጊታሩ የተረፈው ያን ሳምንት ቤት ስለነበር ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ምእመኑ አምስትም ስድስትም እየሆነ በየቤቱ መሰብሰብ ጀመረ። ባይሳ ቤት የሚሰበሰቡት ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ገበያው ሲጮህ ነው። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነበር። ቤዙ ደግሞ ከኤሌክትሪክ ካልተገናኘ ድምፁ ከክፍል አይወጣም። ባይሳ የጊታሩን ወገብ የቀለሟ የልብስ ሣጥን ላይ ሲያስደግፈው ግን ሣጥኑ ያጉረመርማል፤ ሰዎቹም መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ አሳርፈው ድምፁን በእጃቸው ያዳምጡታል። ከሳጉሬ በጭነት መኪና ተሳፍረው የሚመጡ፣ ጆሯቸው የደከመ እማማ ተሻለች የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። መጀመሪያ ቀን እጃቸውን ሣጥኑ ላይ አድርገው፣ "ውይ ልጄ፣ ዛሬ ገና ሰማሁህ! እስከ ዛሬ ያንን እንጨት ለጌጥ ታቅፈህ የምትቆም ይመስለኝ ነበር" አሉት። ሰዉ አፉን በነጠላው አፍኖ ሳቀ።

በሰኔ 1976 ከበበው የሚባል አዲስ ካድሬ ወደ ሱቁ ገባ።

"ጓድ ባይሳ አንተ ነህ?"

"አዎ፣ ጓድ።"

"ቤዝ ጊታር አለህ አሉኝ።"

ባይሳ በያዘው የመበየጃ ብረት ጣቱን አቃጠለ። ከሱቁ ጀርባ፣ አልጋው ሥር፣ አንድ ጆንያ ሙሉ የመዝሙር ደብተር ነበር።

"አሮጌ ነው፣ ጓድ። ክሩም የተቀቀለ ነው።"

"ምን?"

"ተቀቅሏል፣ ጓድ።"

ከበበው ሳቀ። "ጥሬም ሆነ ቅቅል፣ አሥረኛው የአብዮት በዓል እየመጣ ነው፤ የኪነት ቡድናችን ቤዝ የለውም። ነገ አዳራሽ እንገናኝ።"

ያን ቀን ቀለሟ፣ "እምቢ ብትልስ?" አለችው።

"ለምን ይሉኛላ። ለምን ያሉ እንደሆነ ቤቱን ይፈትሻሉ።"

አዳራሽ የተባለው ያው ጸሎት ቤት ነበር። ግድግዳው ቀይ ተቀብቷል እንጂ ባይሳ የሚቆምበት ጥግ እንኳ አልተለወጠም። እዚያው ጥግ ቆሞ ሰልፍ ሰልፍ የሚል ዘፈን ይመታል። ዘፋኟ አይሻ፣ ሳቂታ የነጋዴ ልጅ፣ "ጋሼ ባይሳ፣ ድል አድርገናል እኮ! ለቅሶ የደረስክ አስመሰልከው" እያለች ትቀልድበታለች። እሱ ፈገግ ለማለት ይሞክርና አይሆንለትም። የሚፈራው ዘፈን ሲያልቅ ጣቱን ነው። ግን ልምምድ ላይ ዘፈን አልቆ አያውቅም ነበር። ከበበው ሁልጊዜ መጨረሻው አካባቢ፣ "በድጋሚ!" ብሎ ያቋርጣቸዋል። እንዲህ እንዲህ ሲል ክረምቱ አለፈ፤ ባይሳም አንድም ዘፈን እስከ መጨረሻው ሳይመታ የበዓሉ ቀን፣ መስከረም ሁለት፣ ደረሰ።

ዝናቡ ያቆመው ጠዋት ነው። የጭላሎ ተራራ ደመና ውስጥ ገብቶ ሜዳው ጭቃ ሆኗል። የሴቶች ማኅበር፣ ገበሬው፣ ተማሪው በየረድፉ ቆሟል። ድምፅ ማጉያዎቹ የሰው ቁመት ያክላሉ፤ ባይሳ ክሩን ሲነካ የመድረኩ ጣውላ ከእግሩ ሥር ተንቀጠቀጠ። የመጀመሪያውን ዘፈን መቱ። አይሻ የመጨረሻውን ቃል ጎትታ ጨረሰች። "በድጋሚ" የሚል ሰው አልነበረም።

ጣቱ ወረደ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ምን እያደረገ እንደሆነ ገባው፤ አራተኛው ግን ወጥቶ ነበር።

ቀና ቢል፣ በዚያ ሁሉ ቀጥ ባለ ራስ መሐል፣ እዚህም እዚያም የተደፋ አንገት አየ። ከሴቶቹ ጋር የቆመችው ቀለሟ። ተማሪዎቹን ይዞ የመጣ አንድ አስተማሪ። ከገበሬዎቹ ሦስት፣ አራት። ሁሉም ሳያስቡት ነው፣ እንደሱው። ይባስ ብሎ አንገታቸውን ቶሎ አላነሡም፤ ጸሎት የሚያልቀው "አሜን" ሲባል ነው፣ እዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ አሜን የሚል የለም። ከበበው መድረኩ ጫፍ ቆሞ ቁልቁል ያያል።

ባይሳ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ሁለተኛውን ዘፈን ጀመረ። ከበሮ መቺው ደንግጦ ተከተለው። አይሻ፣ "ምን ነካህ!" ብላ በጥርሷ ሹክ አለችና ዘፈነች። አንገቶቹ አንድ በአንድ ቀና አሉ። መጨረሻ የቀሩት ከሴቶቹ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ያሉ ባለ ነጭ ነጠላ አሮጊት ነበሩ። እማማ ተሻለች። በጆሯቸው ሳይሆን በእግራቸው ሰምተውት ኖሯል። አጠገባቸው ያለችው ሴት በክርኗ ስትነካቸው ነው ቀና ያሉት።

በዓሉ ሲያልቅ ከበበው፣ "ጊታሩን ይዘህ ቢሮ ና" አለው።

ቢሮው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

"መጨረሻ ላይ የመታሃት ምንድን ናት?"

"ስህተት ናት፣ ጓድ። ጣቴ አምልጦኝ ነው።"

"ያንተ ጣት ባመለጠ የሰው አንገት ይደፋል? እነማን ናቸው?"

"እኔ ስጫወት ጣቴን ነው የማየው፣ ጓድ። ሜዳውን አላየሁም።"

"ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለችውን አሮጊትስ? ባለ ነጭ ነጠላዋን?"

ባይሳ የታቀፈውን ጊታር ክሮች በመዳፉ አፈናቸው። አየሁ ቢል አሮጊቷን አሳልፎ መስጠቱ ነው። እስር ቤት አንድ ሌሊት ብርዱ ይገድላቸዋል። አላየሁም ቢል ደግሞ ሰውዬው ውሸቱን ያውቃል።

"አላየሁም" አለ።

ከበበው ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋ። ተመልሶ ተቀመጠ።

"እናቴ ናት" አለ ከበበው። ድምፁ ዝቅ ብሏል። "ቤትህ ትመጣለች? ተወው፣ አትመልስልኝ። አንተም አላየህም፣ እኔም አላየሁም። ግን መድረኩ ላይ ሌላ ሰውም ነበር። አንዱ አይቶ ከሆነ መጀመሪያ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ እኔ ከተጠየቅሁ የመጀመሪያው ስም ያንተ ነው። ገባህ?"

"ገባኝ፣ ጓድ።"

"እንዳትመጣ ንገራት። እኔ ብነግራት አትሰማኝም። በጆሮዋ ምክንያት እንዳይመስልህ።"

የዚያ ሳምንት ቅዳሜ ባይሳ በሩ ላይ ጠብቆ ነገራቸው። ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብሎ፣ "እማማ፣ ከእንግዲህ ባይመጡ ይሻላል" አለ።

"ማነው እሱ ያለው? ያ ልጅ ነው?" አሉ እማማ ተሻለች። "ፈራ?"

"ፈርቷል፣ እማማ።"

"አንተስ?"

"እኔም ፈርቻለሁ።"

"በሉ እንግዲህ፣ ለኔም ጭምር ፍሩልኝ። የሳጉሬ መኪና የሚመለሰው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እስከዚያ የት ልቀመጥ ነው የምትለኝ? ቀበሌ?" ብለው አልፈውት ገቡ።

ባይሳ በሩን ሊዘጋ ሲል ከመንገዱ ማዶ የቆመች ላንድሮቨር አየ። ከበበው ውስጧ ተቀምጧል፤ ወደዚህ ዞሮ አያይም። የሚገቡትን ከአደጋ ሊጠብቃቸው ይሁን ሊቆጥራቸው፣ ባይሳ ሊለየው አልቻለም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መኪናዋ ሄደች። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣች። ከዚያም በሚቀጥለው። ማንም አልታሰረም። ባይሳ የሚገባ የሚወጣውን እያየ፣ መኪናዋን እያየ፣ አንድም ቅዳሜ ምሳ ወርዶለት አያውቅም።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ መኪናዋ ሳትመጣ ቀረች። ባይሳ እንደዚያን ቀን ፈርቶ አያውቅም፤ ከበበው ተጠይቆ ከሆነ ቀጣዩ ስም የሱ ነው። ሦስት ጊዜ ወጥቶ መንገዱን ላይ ታች አየ። ከዚያ ገብቶ፣ "ዛሬ አንዘምርም። አንድ አንድ እያላችሁ ወደየቤታችሁ" አለ። ሰዉ ያለ ጥያቄ ተነሣ።

እማማ ተሻለች ብቻ አልተነሡም። ፊቱን አዩት።

"መኪናዋ የለችም?" አሉ።

ለካ ሁሉንም ያውቁ ኖሯል። "የለችም፣ እማማ" አለ ባይሳ።

ነጠላቸውን አጣፉ፣ ከዘራቸውን አነሡ። ቀለሟ፣ "እማማ፣ የሳጉሬው መኪና ገና ነው፣ ወዴት ነው?" ብላ እጃቸውን ያዘች።

"ቢሮው" አሉ አሮጊቷ። "ልጄ የት እንደገባ ልጠይቅ።"

ባይሳ በሩ ላይ ቆሞ፣ በገበያው መሐል ሰው እያሳለፋቸው፣ ዳገቱን ብቻቸውን ሲወጡ አያቸው። ሊከተላቸው አንድ እግሩን ከደፍ አወጣ። ሌላውን ማውጣት ግን አቃተው።