ወንድሜን ያስገባሁበት ፍሪጅ

ሥራ የጀመርኩት ኮሮና ከመግባቱ በፊት ባለው ዓመት ነው፤ ጅግጅጋ፣ አንድ ሆስፒታል ጓሮ ባለው የአስከሬን ክፍል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። ኃላፊው አቶ አብዲ በመጀመሪያው ቀን በር ላይ አቆሙኝ።

«ቁርስ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«ለዛሬ ደህና አደረግክ፤ የምታስመልሰው የለም። ከነገ ጀምሮ ግን በልተህ ና። በባዶ ሆዱ የወደቀ ሰው የማነሳበት ወገብ የለኝም።»

ሦስት ፍሪጆች አሳዩኝ። ሁለቱ አራት ዲግሪ ላይ ይቆማሉ። ሦስተኛው ሬሳን በረዶ ያደርጋል፤ ወገኑ ላልታወቀና ብዙ ለሚቆይ ነው። ምርመራ የሚጠብቅ እዚያ አይገባም። ጠዋትና ማታ ዲግሪውን አይቶ መዝገብ ላይ መጻፍ የእኔ ሥራ ሆነ።

በሁለተኛው ዓመት ከአይሻ ወረዳ አንድ ሟች መጣ። የሚያውቀው ስላልተገኘ ሦስተኛው ውስጥ አስገባነው። በኋላ ዘመዶቹ ደረሱ፤ ፖሊስም ግድያ ነው አለ። እንዲህ ሲሆን ሬሳው ወደ አራት ዲግሪ ይዛወርና በረዶው ቀስ ብሎ እስኪለቅ ቀናት ይጠበቃል። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ተቀመጡ። ሰው በሞተበት ቀን መቅበር ነው ልማዳቸው። አንደኛው በየቀኑ ይጠይቀኝ ነበር።

«ልጄ፣ መሬቱ ይጠብቀዋል፣ አንተ ትይዘዋለህ። ምን አደረገህ?»

አሳዘኑኝ። እንዲፈጥን ብዬ ለብ ያለ ውኃ አፈሰስኩበት። ከሌላ ከተማ የምትመጣው መርማሪ ሐኪም ሬሳውን ነክታ ወደ እኛ ዞር አለች።

«ቆዳው ሸቷል፣ ሆዱ ገና በረዶ ነው። ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ። ለሽማግሌዎቹ ብዬ...»

«ሽማግሌዎቹ የደም ካሳ የሚነጋገሩት በእኔ ወረቀት ነው። አሁን ምን ብዬ ልጻፍላቸው?»

ከዚያ ወዲያ ማንንም አላቻኮልኩም።

ታላቅ ወንድሜ ሰለሞን ከድንበር ከተማዋ ከቶጎጫሌ ዕቃ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት መኪናው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። አብሮት ያደረው ባልደረባው «ተኝቶ ሳይነቃ ቀረ» አለ። ማታ ሲጨቃጨቁ ያዩ ሰዎች ነበሩ። ፖሊስ ሰውየውን ያዘው። ሬሳው ላይ የሚታይ ቁስል አልነበረም። ነገሩ ሁሉ በምርመራው ላይ ተንጠለጠለ።

ሲያመጡት ተረኛው እኔ ነበርኩ። ጫማውን ያወለቅኩለት... እኔ ነኝ።

«ዋሪያ፣ አንተ ልጅ፣ ወደ እናትህ ሂድ» አሉኝ አቶ አብዲ። «እኔ እይዘዋለሁ።»

«አይሆንም አቶ አብዲ። ወንድሜን ሌላ ሰው አይነካውም።»

የክፍሉን ቁልፍ ተዉልኝ።

ሐኪሟ ቶሎ እንደማትመጣ ተነገረኝ። ቀኑ ሞቃት ነበር። ሬሳው ከመንገድ ሲመጣ መለወጥ ጀምሮ ነበር። አራት ዲግሪን አላመንኩትም። ደንቡን አውቃለሁ፤ ግን እንዳይበላሽብኝ ብዬ ሦስተኛው ውስጥ አስገባሁትና ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። መዝገቡን ባዶ ተውኩት። የምትመጣበት ቀን ሲታወቅ ወደ አራት ዲግሪ መለስኩት። ስትደርስ በረዶው ለቆ ነበር።

መርማሪው ፖሊስ አጠገቧ ቆመ። እኔ እንዳልገባ ተከልክዬ በር ላይ ቆየሁ። ስትጠራኝ ጓንቷን አላወለቀችም።

«የራስ ቅሉ ላይ ስንጥቅ አለ። በዙሪያው ያለው ሥጋም ቀልቷል። ተመትቶ ሊሆን ይችላል።»

ፖሊሱ እስክሪብቶውን አወጣ።

«ግን ጭንቅላት በረዶ ሲሆን አንጎል አብጦ ቅሉን ይሰነጥቃል። በረዶው ሲለቅም ደሙ ሥጋውን ያቀላዋል። ስለዚህ አንተን ልጠይቅህ። በረዶ ሆኖ ነበር?»

መዝገቡ እጄ ላይ ነበር። አራት ብዬ ብሞላው የሚጠይቀኝ አልነበረም። አቶ አብዲ ወለሉን ያያሉ። መዝገቡን ዘጋሁት።

«ሆኖ ነበር» አልኩ። «እኔ ነኝ ያደረግኩት።»

ፖሊሱ እስክሪብቶውን መልሶ ኪሱ ከተተ። ሐኪሟ የሞቱን ምክንያት ለመወሰን አይቻልም ብላ ጻፈች። ሰውየው ከቀናት በኋላ ተለቀቀ። ዛሬም የቶጎጫሌን መንገድ ይነዳል።

ወንድሜ ከተቀበረ በኋላ ለእናቴ ነገርኳት።

«ልጄ፣ አራት ብለህ ብትጽፍስ ምን ነበረበት?»

ሰውየው ይግደለው አይግደለው አላውቅም። ማወቅ የሚቻልበትን መንገድ የዘጋሁት ግን እኔ ነኝ።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ፦ የራሳችሁ ሰው ሲመጣ ቁልፉን ለባልደረባ አስረክቡና ከክፍሉ ውጡ።