የአባቴ የክርስትና ስም

እኔ በምኖርበት የኖርዌይ ከተማ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤ ቤተኛ ነው። ፀሐይ የወጣች ቀን ግን ሰዉ ሁሉ ወንበሩን ተሸክሞ ደጅ ይወጣል፤ እኔም ባለፈው ቅዳሜ እንደነሱ ወጣሁና፣ አምና ከሐይቅ ይዤው የመጣሁትን የወረቀት ጥቅል በረንዳዬ ላይ ዘረጋሁት። ፕላስቲኩን ገና ስፈታው የጠመንጃ ዘይትና የጥቁር አዝሙድ ሽታ ተቀላቅሎ ወጣ። ጎረቤቴ ምግብ የማሰናዳ መስሏት አንገቷን በአጥሩ ላይ ብቅ አድርጋ ፈገግ አለችልኝ። የወታደር ቤት ሽታ ነው ብላት ምን ይገባታል ብዬ እኔም ፈገግ አልኩላት።

አያቴ ዘውዴ የቤተሰባችንን ወረቀት የምታኖረው በባዶ የጥይት ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ብል እንዳይገባበት ደግሞ ጥቁር አዝሙድ ትነሰንስበታለች። ወንድ አያቴ አራጌ በዘመተበት ውለታ የማደሪያ መሬት እንደተሰጠው የሚናገር ወረቀት አለ፤ የግብር ደረሰኞች አሉ፤ በኋላ ደግሞ የአባቴ የውትድርና ቅጽ ተጨመረ፣ ጥግ ላይ ፎቶግራፍ ያለበት። የአራጌ አባት ሰይድ ገና በጥንቱ ዘመን ጋሻ ይዞ ስለዘመተ ወረቀት የለውም፤ ስሙ ብቻ በልጆቹ ስም ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ሰይድ እስላም ነበር፤ ልጁ አራጌ ክርስትና ተነሣ፣ የአራጌ ወንድም በአባቱ ሃይማኖት ጸና። በእኛ አገር ይህ የሚያስደነግጥ ወሬ አይደለም፤ ዘመድ ሲሰበሰብ ሁለት በግ ይታረዳል ማለት ብቻ ነው።

በዚህ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ግን ግማሽ ዕድሜዬን የፈለግሁት ነገር የለም። አባቴ ይመር አራጌ ይባላል። ቄስ ሙት ሲፈታ የሚጠራው ግን ጎረቤት የሚጠራበትን ስም አይደለም፤ በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ የወጣለትን ስም ነው። የክርስትና ስም ደግሞ ክፉ ሰው ድግምት እንዳያደርግበት ይደበቃል፤ ወላጅ፣ ያጠመቀው ቄስና የክርስትና አባቱ ካልሆኑ ማንም አያውቀውም። አባቴ ዘምቶ ቀረ። መርዶ አልመጣም፣ አስከሬን አልመጣም፤ ስሙን ባለማወቃችን ደግሞ ፍትሐት እንኳ አልደረሰውም። ሰው ይህን ሲሰማ ትንሽ ነገር ይመስለዋል፤ እኔን ግን በየቅዳሴው የሚወጋኝ እሾህ ነበር።

ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ውሃውን ቁልቁል በሚያይ ተረተር ላይ ነበር። ጠዋት በሩን ስንከፍት ጉሙ ሐይቁ ላይ ተኝቶ የእስጢፋኖስን ገዳም ከነደኑ ይውጠዋል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ቀስ እያለ፣ መጀመሪያ የዛፉን ጫፍ፣ ከዚያ የባሕሩን ዳር እየተፋ ይሄዳል። ፊታችንን ወደ ሰሜን ስናዞር የአምባሰል ገደል ነው፤ የአባቴ ወገኖች የመጡት ከዚያ ከገደሉ ሥር ነው ይባላል። መስከረም ሲጠባ አያቴ ወረቀቶቹን አውጥታ ከበርበሬው ጎን ሰሌን ላይ ታሰጣቸዋለች፤ ዶሮ እንዳትጭርባቸው የምጠብቅ እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ዶሮዎቹን ሳባርር የጎረቤታችን የእትዬ ሐዋ ፍየል በጀርባዬ መጥታ፣ ከማደሪያው ወረቀት ላይ ማኅተሙ ያለበትን ጥግ ቀጭ አድርጋ በላችው። እትዬ ሐዋ ያን ጊዜ ገና ሙሽራ ነበረች፤ በእፍረት መሬት ልትገባ ደረሰች። አባቴ ግን ከሳቁ ብዛት ግድግዳ ተደግፎ፣

«እንግዲህ እማዬ መሬቱ የፍየሏ ነው፤ ማኅተሙ ከሆዷ ገብቷል!» አለ።

አያቴ በማማሰያ አባረረችው። የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ፣ የልጅ አባት፣ ቤቱን እየዞረ ከእናቱ ሲሸሽ አሁንም ይታየኛል።

ብዙም ሳይቆይ መሬት ላራሹ ታወጀ። አባቴ ከተማ ወርዶ ሲጨፍር ዋለና ድምፁ ተዘግቶ ተመለሰ። አያቴ በበኩሏ ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ጎትታ በበሬዎቹ ግርግም ሥር ቀበረችው፤ የማደሪያ ወረቀት የተገኘበት ሰው የፊውዳል ርዝራዥ እየተባለ በስብሰባ ይወገዝ ነበርና። «ከጎረቤት በርበሬና ሽሮ የሚበደሩ ፊውዳሎች!» እያለ አባቴ ይስቅባት ነበር። ከአያቴ ማሳ ግማሹ ለሌላ ተመተረ፤ እርሱ ግን ቅር አላለውም። የከፋው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። እንደ እህል መዋጮ፣ ገበሬ ማኅበሩ ለጦር ግንባር ሰው ያዋጣ ተባለ። ስሙ የተጠራ ብዙ ሰው ወደ አምባሰል ገደል እየሸሸ ይደበቅ ነበር፤ የአባቴ ስም ሲጠራ እናቴም እያለቀሰች «አንተም ሂድ፣ ዘመዶችህ ዘንድ ክረም» አለችው። እርሱ የሰጠው መልስ እነዚያን ወረቀቶች ባየሁ ቁጥር ይመጣብኛል፤ «ሰይድ በጋሻ፣ አራጌ በምንሽር የሄዱበትን እኔ ዋሻ ገብቼ ልለፈው?» ነበር ያለው።

ዘማቾቹን የሚጭኑት ካሚዮኖች የቆሙት ከገበያው ማዶ ነበር። አያቴ ሕዝቡን በክርኗ እየጣሰች ደረሰችና አንገቱን ጎትታ አውርዳ አንድ ነገር በጆሮው አለችው። አባቴ ፊቱ ፈካ። «ቀስ እማዬ፣ ወታደሮቹ ይሰሙሻል» አላት። በኋላ እንደነገረችኝ፣ የክርስትና ስሙን ጠርታ ለእግዚአብሔር አደራ ሰጥታው ነበር። እኔ የአያቴን ነጠላ ይዤ እዚያው ከእግራቸው ሥር ቆሜያለሁ፤ የሰማሁት ግን ትንፋሽ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። በመንደራችን መርዶ በየተራ ገባ፤ በአንዱ ቤት ለቅሶው ሲበርድ በሌላው ይጀምራል። ሌላው ቤት ለሟቹ አልቅሶ ሲወጣለት፣ የእኛ ቤት እንደ ቆመ ውሃ ሳይፈስም ሳይደርቅም ከረመ። አብረውት የሄዱት በሙሉ እንዳለቁ አንድ ቁስለኛ ሲያወራ ጊዜ የንስሐ አባታችን ቄስ ወልዴ መጡ። በትራቸውን መቃኑ ላይ አስደግፈው፣

«ዘውዴ፣ የልጅሽ ነፍስ ሜዳ ላይ ቀረች እኮ። ስሙን ስጪኝና ልፍታው» አሏት።

«መንገድ ላይ ያለ ሰው ይፈታል አባ?»

«የስንት ዓመት መንገድ ነው ይሄ?»

«እርሱን የላኩትን ይጠይቁልኝ። እኔ ስሙን ብሰጥዎ ይቀብሩብኛል።»

ቄሱ በትራቸውን አንሥተው ሄዱ። ወንድ አያቴ አራጌና ያጠመቁት መነኩሴ ከሞቱ ቆይተዋል፤ የክርስትና አባቱ በድርቁ ዘመን ተሰደው ቀርተዋል፤ እናትና አባቴ በሽማግሌ እንጂ በቁርባን ስላልተጋቡ እናቴም አታውቀውም። ስሙ ያለው አያቴ አፍ ውስጥ ብቻ ነበር። እርሷ ደግሞ በየወሩ ጧፍ ይዛ ወደ ገዳሙ ትሄዳለች፤ ሴት ከደጁ አታልፍምና ከዚያ ቆማ የሚገባ ዲያቆን ትጠብቅና፣ «ለመንገደኛዬ ነው በል፤ ስሙን እግዚአብሔር ያውቀዋል» ብላ ትሰጠዋለች። እኔ ልጅ አይደለሁ፣ ነገሩ ጨዋታ መሰለኝ። እንጨት ስትለቅም ወይም ጎመን ስትቀነጥስ ድንገት «ወልደ ሚካኤል ነው?» እላታለሁ፤ ሌላ ቀን «ገብረ ማርያም?» እያልኩ ፊቷን አጠናለሁ። ፊቷ ንቅንቅ አይልም። «ድስቱ አረረ፣ ሰላይ!» ብላ ታባርረኛለች።

አድጌ ተሰደድኩ፤ መጀመሪያ ዐረብ አገር፣ በኋላ እዚህ። አያቴ ስታርፍ የሰማሁት በስልክ ነው። ስሙም አብሯት ተቀበረ ተባባልን። ያም ሆኖ ለመተው አልቻልኩም፤ የአጎቴ ልጅ ደምሴ በየቢሮው እየተመላለሰ የአባቴን ቅጽ ግልባጭ አገኘልኝ። ቁመቱን ጽፈዋል፣ የደም ዓይነቱን ጽፈዋል፣ የተሰጠውን የጠመንጃ ቁጥር ሳይቀር ጽፈዋል። መጨረሻው ላይ «ያልተመለሰ» ይላል። ሞተ አይልም። እዚህ የሚቀድሱልን አባት «ስሙን አንተ ታውቃለህ ብለን እንለምንለታለን፣ አትጨነቂ ልጄ» አሉኝ፤ ቃላቸው እውነት ነው፣ እኔ ግን አባቴ እንደ ሰው ሁሉ በስሙ እንዲጠራ ፈለግሁ።

አምና ጦርነቱ ሐይቅን ረግጦ ካለፈ በኋላ አገር ቤት ገባሁ። ሳጥኑን ደምሴ እንደገና ቀብሮ አትርፎታል፤ ቤታችን ግን ጣሪያ አልነበረውም። የደብሩን ቄስ አነጋግሬ፣ ስሙም ባይታወቅ በነጋታው ፍትሐት እንዲደረግ ተስማማን። ከዚያ ልጠይቃት እትዬ ሐዋ ዘንድ ሄድኩ። በደጃፏ በቆሎ እየፈለፈለች ነበር።

«ውይ፣ ጎታ ሥር እንደበቀለ ሽንኩርት ነጥተሻልሳ! ፀሐይ ሚባል የለም አሉ እዛ?»

ስቄ አጠገቧ ተቀመጥኩና የመጣሁበትን ነገርኳት። እጇ ቆመ።

«መርዶ መጣልሽ?»

«አልመጣም።»

«ታዲያ ማን ሞተ አለሽ?»

«እትዬ ሐዋ፣ አባቴ ቢኖር ዛሬ ሽማግሌ ነው።»

«ሽማግሌ ቤቱ አይገባም?» አለችኝ፣ ተቆጥታ። የፈለፈለችውን ቆሮቆንዳ ወረወረችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስሙ እኔ ዘንድ ነው» አለች።

ያን ጊዜ ቄስ ወልዴ ስሙን ሳያገኙ በሄዱ ማግስት አያቴ በአጥሩ ሾልካ ትመጣለች። «ሐዋዬ፣ እናንተ ፍትሐት የላችሁም፤ ካንቺ ዘንድ ልጄን የሚቀብርብኝ የለም። እኔ ብሞት ይመር ሲመጣ በስሙ የሚቀበለው ሰው ይኑር» ትላታለች። ስሙ ግእዝ ነውና አልያዝ ብሏት፣ አያቴ ውሃ ሲቀዱም እንጨት ሲለቅሙም እያስደገመች አስጠናቻት። «እንዳልረሳው ብዬ ከሶላት በኋላ ዱዓ ሳደርግ እጠራዋለሁ። ያ ረቢ፣ መንገደኛውን በሰላም አግባው እላለሁ። ወላሂ፣ የሳትኩበት ቀን የለም» አለችኝ።

ያለ ስም ቀረ ብዬ በየቅዳሴው የተጨነቅሁለት ሰው፣ በዚያች በጭቃ ቤት ውስጥ በቀን አምስት ጊዜ በስሙ ይጠራ ኖሯል።

«ንገሪኛ እትዬ ሐዋ» አልኳት፣ ጉልበቷን ይዤ።

«አማና ነው፤ የአያትሽ አደራ። ለራሱ ስጪው፤ ለልጁ ግን ሞቷል ብላ በአፏ ካልነገረችሽ እንዳትሰጫት ብላኛለች። እስቲ በይው።»

ይህን ቃል ተናግሬው አላውቅም። በፈረንጅ ቢሮ ቅጽ ስሞላ እንኳ አባት በሕይወት አለ ወይ የሚለውን ባዶውን እተወዋለሁ። ለፍትሐት መጥቼ፣ ቄስ አነጋግሬ፣ ጧፍ ገዝቼ እንኳ ከአፌ አላወጣሁትም። ለቄሱም ቢሆን «ለአባቴ» ነው ያልኩት እንጂ ሞቷል አላልኩም። ሐይቁን አየሁ፤ የሚያግዘኝ ነገር አልነበረውም። እትዬ ሐዋ አልቸኮለችም፤ በቆሎዋንም አልነካችም።

«አባቴ ሞቷል» አልኩ።

ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ አንገቴን ወደ ራሷ ሳበችና በጆሮዬ ነገረችኝ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ አጭር ነው፤ ልጅ ሳለሁ ከገመትኳቸው ውስጥ አንዱም አልነበረም።

የፈለግሁትን ካገኘሁ ልቤ ያርፋል ብዬ ነበር። ሜዳው የገደለውን እኔ አልገደልኩትም፣ አውቃለሁ። ነገር ግን በዚህ ሰፊ ዓለም ላይ አባቴ በሕይወት ያለበት፣ እየተጓዘ ያለበት፣ የሚጠበቅበት አንድ ቤት ቀርቶት ነበር፤ እኔ ከኖርዌይ ድረስ ሄጄ በዚያ ቤት መርዶ ነጋሪ ሆንኩ። አያቴ ፈርታ የኖረችው ቄስ ወልዴን አልነበረም፤ ያንን «ሞቷል» የሚል ቃል ነበር።

የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ደረሰና እትዬ ሐዋ ተነሥታ ገባች። እኔ ደጃፉ ላይ ቀረሁ። ሰግዳ ስትጨርስ እጆቿን ዘርግታ ስሙን ስትጠራው ሰማሁ፤ «ያ ረቢ፣ መንገደኛውን በሰላም...» ብላ አቋረጠች። ከዚያ ስሙን እንደገና ጠራችና፣ «ማረው» አለች።