ያጠብኩት ማጣሪያ

ባለቤቴ ከሹፌርነት ሥራው ጡረታ ሲወጣ ከጨረታ የገዛት አሮጌ የመስክ መኪና አለችን። ዕድሜዋ ከትዳራችን ዕድሜ ይበልጣል። ሸዋ ሮቢት ውስጥ የእሷ ዓይነት ሌላ አልነበረም፤ በዋናው መንገድ ስታልፍ የባጃጅ ሹፌሮች እንኳ ዞር ብለው ያዩዋት ነበር። ስትገዛ ግን ሞተሯ አይነሳም፣ በሮቿ አይዘጉም።

ሰው ያደረጓት ከመናኸሪያው ጀርባ ጋራዥ የነበራቸው መካኒክ ናቸው። ሙስሊም ናቸው፤ ትውልዳቸው ከዳገቱ ላይ ካሉት የአርጎባ መንደሮች ነው። ባለቤቴ የመንግሥት መኪና ሲነዳ የሚጠግኑለት እሳቸው ስለነበሩ ከሃያ ዓመት በላይ ይተዋወቃሉ። ለፋሲካ እኛ ቤት ይመጣሉ፤ ሥጋው እንደማይሆናቸው ስለማውቅ ዳቦና ማር አቀርብላቸዋለሁ። ለዒድ ደግሞ እኛ እንሄዳለን። ያቺን መኪና ሁለቱ ከግቢያችን ማንጎ ሥር አቁመው አንድ ክረምት ሙሉ ሠሯት።

በመጨረሻ የቀራቸው የአየር ማጣሪያው ነበር። የዚያ ዘመን ማጣሪያ እንደ አሁኖቹ የወረቀት አይደለም። ትንሽ ድስት የሚያህል ክብ ቆርቆሮ ነው፤ ከታች ዘይት ይሞላበታል፣ ከላይ የተድቦለቦለ ሽቦ አለው። ሞተሩ የሚስበው አየር በዘይቱ በኩል ሲያልፍ አቧራውን እዚያ ይጥላል። መካኒኩ የዛገውን ታች በብየዳ ደፈኑት፣ ሽቦውን በነጭ ጋዝ አጠቡት፣ ቆርቆሮውን ጥቁር ቀለም ቀቡት። ዘይቱን ሲሞሉ ለባለቤቴ «ይህን የሮቢት አቧራ የሚይዘው ዘይቱ ብቻ ነው፤ እንዳይጎድል» ሲሉት እኔ ልብስ እያሰጣሁ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ግን ልብ አላልኩትም። የወንዶች ወሬ መሰለኝ።

እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። ለልጆች ስለ ንጽሕና ሳስተምር ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፤ ቤቴም በንጽሕናው የታወቀ ነው። በዚህ እኮራ ነበር። ክረምቱ አልፎ ጥቂት ወራት እንደሄደ ባለቤቴ ለዘመድ ለቅሶ ደብረ ሲና ወጣና ሦስት ቀን ቆየ። ሲመለስ ደስ እንዲለው ብዬ መኪናዋን ማጠብ ጀመርኩ። መስታወቱን፣ ወንበሩን፣ ጎማውን ጨርሼ ኮፈኑን ከፈትኩ። ጥቁሩ ቆርቆሮ ላይ ዘይትና አቧራ ተጋግሮበታል። መያዣዎቹን በጣቴ ሳነሳቸው ተከፈቱ። ውስጡ እንደ ጭቃ የወፈረ ጥቁር ዘይት ነበር። «ይህን ቆሻሻ ተሸክመው ነው የሚዞሩት» ብዬ ከአጥሩ ጥግ ደፋሁት። ቆርቆሮውንና ሽቦውን በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ፈትጌ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ መልሼ ገጠምኩት።

ባለቤቴ ሲመጣ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አይቶ «እጅሽ ይባረክ» አለኝ። ስለ ማጣሪያው አልነገርኩትም። የሚነገር ነገር አልመሰለኝም።

ያን በጋ ሙሉ በአቧራማው መንገድ ወደ ማሾ ማሳችን ተመላለሰባት። ከዚያ አንድ ቀን ሽንኩርት ጭነን ወደ ደብረ ሲና ስንወጣ ዳገቱ መሐል ላይ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀች፣ ጉልበቷ ጠፋ፣ ቆመች። በሌላ መኪና አስጎትተን ወደ ሮቢት ተመለስን።

መካኒኩ መጡና ሞተሩን ፈተሹት። «ፒስተኑም ሲሊንደሩም ተበልቷል። አቧራ ገብቶበታል» አሉ። ከዚያ ማጣሪያውን ከፈቱ። እንደ ታጠበ ሳህን ደረቅ ነበር።

ባለቤቴ አጎንብሶ አየና «ዘይት ሳትጨምርበት ነው እንዴ የገጠምከው?» አላቸው።

«ጨምሬያለሁ» አሉ።

«ታዲያ የት ሄደ? እኔ አልነካሁትም። ከአንተ በቀር ማን ያውቀዋል?»

መካኒኩ ሽቦውን በጣታቸው ዳበስ አደረጉት። ጣታቸውን አዩት። ክዳኑን መልሰው ገጠሙት። እኔ የሚጠጣ ውሃ ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ያደረግሁትን የተረዳሁት በዚያች ደቂቃ ነው። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብርጭቆውን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ወደ ቤት ገባሁ።

ማታ እነግረዋለሁ አልኩ። ማታ ሲመጣ ነገ አልኩ። ባለቤቴ ግን በማግስቱ፣ እኔም ባለሁበት፣ ለዕድር ሰዎች ነገራቸው። «አርጅቷል፤ እጁ መዘንጋት ጀምሯል» አለ። ከዚያ በኋላ መኪናውን ለመካኒኩ የሚሰጥ ሰው እየቀነሰ ሄደ። በፋሲካ አልመጡም፤ በዒድ እኛም አልሄድን። መኪናዋ ማንጎው ሥር ሸራ ለብሳ ቆመች። በየጠዋቱ ግቢውን ስጠርግ ሸራው ሥር ላለመጥረግ አልፌው እሄድ ነበር። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጎማው ተነፈሰ። ሹፌሩ እየገፋ ወሰደውና ከአንድ ጎማ ጠጋኝ ዘንድ አቆመው። ቀና ስል እሳቸው ናቸው። ጋራዡን ዘግተው በሩ ላይ ጎማ ይጠግናሉ። ጢማቸው ነጭ ሆኗል። «እህቴ፣ ደኅና ነሽ? ቁጭ በይ» ብለው የተቀመጡበትን ዱካ ለቀቁልኝ፤ እሳቸው መሬት ላይ ቁጢጥ አሉ። ያ ዱካ አላስቀምጥ አለኝ። ሹፌሩ ሻይ ሊጠጣ እስኪሄድ ጠብቄ ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ ያንን ማጣሪያ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ዘይቱን የደፋሁት እኔ ነኝ።»

ቀዳዳውን ለመፈለግ የጎማውን የውስጥ ከመናዳሪ ውሃ ውስጥ እያገላበጡ ነበር። ሳያወጡት «አውቃለሁ» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የከፈትኩት ዕለት። ሽቦው ውስጥ ሳሙና ደርቆበት ነበር። መካኒክ በሳሙና አያጥብም። ባልሽም አያጥብም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

እውነቱን ልናገር፤ «ትዳራችሁን እንዳልበጠብጥ ብዬ ነው» እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር። እንዲህ ቢሉኝ ጥቂት ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን ቀና ብለው አዩኝና፣ «ወላሂ ስለ አንቺ ብዬ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ እጄን ያየ ሰው ረስተሃል ካለኝ ምን ብዬ አስረዳዋለሁ? ማስረዳቱ አስጠላኝ» አሉ። ደግሞም፣ «አንቺ እንድትናገሪ ግን ጠብቄ ነበር። ያን ሰሞን» አሉኝ።

ቤት እንደገባሁ ለባለቤቴ ነገርኩት። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «በየሰው ፊት ስሙን ሳጠፋ አብረሽኝ ቁጭ ብለሽ ነበር» አለኝ። አዎ አልኩ። ሁለት ሳምንት ያህል ከቤት ብዙም አልወጣም፤ ከእኔም ጋር ከምግብና ከጤና በላይ አላወራም። ከዚያ አንድ ጠዋት ነጠላውን ለብሶ ወደ እሳቸው ሄደ። ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ «ይቅር ብሎኛል፤ ግን አንቱ አለኝ። ይግቡ፣ ይቀመጡ አለኝ» አለ። ድሮ አንተ ነበር የሚባባሉት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

መካኒኩ መኪናዋን ለመሥራት ተስማሙ። ሞተሩን እየፈቱ ብዙ ቀን ከመጡ በኋላ ማጣሪያው ላይ ሲደርሱ ጠሩኝና «ይህን አንቺ ትሠሪዋለሽ» አሉኝ። ሊያዋርዱኝ አልነበረም፤ ድምፃቸው እንደ አስተማሪ ነበር። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አሻሸሁ። ሽቦው ውስጥ የተጋገረውን ሳሙና በቀጭን እንጨት እየጎረጎርኩ አወጣሁ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ነጭ ነበር። በነጭ ጋዝ ነክሬ አንጠፈጠፍኩት። አዲስ ዘይት ሳፈስ ቸኮልኩና መሬት ላይ ደፋሁ። «ቀስ በይ። ከውስጥ የተሠመረው መስመር ላይ ስትደርሺ አቁሚ» አሉኝ። ባለቤቴ ከማዶ ቆሞ ያያል፤ አልቀረበም።

አሁን መኪናዋ ትሄዳለች። ዳገት አንወጣባትም፤ በሜዳው መንገድ እስከ ጀውሃ ድረስ ግን ታደርሰናለች። ባለቤቴ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ቆሞ «ጥፋቱ የእኔ ቤት ነበር፤ የሰው ስም ያለ አግባብ አንስቻለሁ» አለ። የማን ጥፋት እንደሆነ አልተናገረም። እኔ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ነበር፤ ያን ቀንም መነሳት አቃተኝ። ከሳምንት በኋላ ነው ለሴቶቹ አንድ በአንድ የነገርኳቸው። የመካኒኩ ደንበኞች ግን ሌላ ጋራዥ ለምደዋል፤ ከእነሱ የተመለሱት ሁለት ናቸው። እሳቸው ዛሬም አብዛኛውን ቀን ጎማ ይጠግናሉ።

ከነገርኳቸው ሴቶች አንዷ ጎረቤቴ ናት። አዳምጣኝ ስትጨርስ ሳቅ አለችና «ለአንድ ቆርቆሮ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» አለችኝ። ላስረዳት ጀምሬ ተውኩት።