አልድን ያለው ቁስል

አባቴ እንጨት ሲፈልጡ መጥረቢያው ቁርጭምጭሚታቸውን ነካቸው። “ጭረት ናት፣ አብሽሪ” አሉኝ በስልክ። በሦስተኛው ሳምንት እግራቸው አብጦ፣ ቁስሉ መግል ይዞ፣ እኔ ወደማስተምርበት ወደ መካነ ሰላም በበቅሎ መጡ። ጤና ጣቢያ ያዘዘላቸውን ካፕሱል ገዝቼ ሰዓቱን ጠብቄ ራሴ አስዋጥኳቸው። ቁስሉ ጭራሽ ባሰበት።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባለ መድኃኒት ቤቱን ነው። ባዶውን ማሸጊያ ይዤ ሄድኩና፣ “ዱቄት እንዳልሸጥክልኝ በምን አውቃለሁ?” አልኩት። የማብቂያ ቀኑን በጥፍሩ እየጠቆመ አሳየኝ። አላመንኩትም።

ሆስፒታል ስንሄድ ሐኪሟ መግሉን ወስዳ ለምርመራ ደሴ ላከችው። ውጤቱ ሲመጣ፣ “መድኃኒቱ ደህና ነው፤ ቁስሉ ውስጥ ያለው ተህዋስ ነው መድኃኒቱን የለመደው። ቤታችሁ ከብት፣ ዶሮ አለ?” አለችኝ።

“ከቁስሉ ጋር ምን አገናኘው?”

“ለእነሱ ያለ ልክ የሚሰጥ መድኃኒት ተህዋሱን ያለምደዋል፤ ወደ ሰው ሲተላለፍም አይበገርም” አለችኝ።

እሷና ባለ መድኃኒት ቤቱ እርስ በርስ እየተሸፋፈኑ መሰለኝ። ዞር ስል ግን አባቴ አቀርቅረዋል። ያኔ ጥርጣሬዬ ወደ ቤት ዞረ።

ቅዳሜ ከላላ ከተማ አቅራቢያ ወዳለው ቤታችን ወርጄ ጓዳውን በረበርኩ። ከሞሰብ ኋላ ባለ ጣሳ ውስጥ ያንኑ ካፕሱል አገኘሁ፤ ግማሹ ተከፍቶ ባዶ ቀርቷል። እናቴን አፋጠጥኳት።

“አባትሽ ከገበያ ይገዙታል። ዶሮዎቹ ታመው ሲያንቀላፉ ውሃቸው ላይ ይበትኑታል፤ ላሚቱ ጡቷ ሲያብጥም ይሰጧታል። ራሳቸውን ሲያማቸው እሳቸውም ሁለት ይውጣሉ።”

“ወተቱንስ?”

“ጠጣነው እንጂ! ወተት ይደፋል?”

በንዴት የተረፈውን ካፕሱል ወንዝ ልደፋው ወረድኩ። ከታች ግን የጎረቤት ላሞች እየጠጡ፣ ሴቶች ጀሪካን እየሞሉ ነበር። እጄን ሰበሰብኩና ለሆስፒታሉ አስረከብኩት።

ሐኪሟ ለአባቴ ሌላ መድኃኒት በመርፌ ጀመረችላቸው። በዚያው ሰሞን ባለ መድኃኒት ቤቱን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ከፊቴ የቆመ ገበሬ፣ “ለበግ ነው፣ አራት ፍሬ ስጠኝ” አለው። ማዘዣ ሳይጠይቅ በመቀስ ቆርጦ ሰጠው።

“ያለ ማዘዣ?” አልኩት።

“እኔ ብከለክለው ገበያ ያጣዋል?”

ይቅርታዬን ይዤ ወጣሁ።

የአባቴ እግር ከሁለት ሳምንት በኋላ ገጠመ፤ ትንሽ ያነክሳሉ።

“ለምን አልነገሩኝም?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“መድኃኒት መስሎኝ፤ መድኃኒት ጠላት ይሆናል ብዬ በምን ልጠርጥር?” አሉኝ። እስከ ዛሬ ግን ቤት ስገባ ሰላምታዬን ሳልጨርስ ዓይኔ ጓዳውን ያማትራል፤ እሳቸውም ያዩኛል።